ባህር ላይ ቅያሪ የለም

ፖርትስማውዝ ሲባል ለአገራችን የኳስ አፍቃሪ ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2008 ዌምብሌይ ላይ ናይጄሪያዊው ካኑ ካርዲፍን በአንዲት ጎል ቀጥቶ የኤፍ ኤ ካፑን ለክለቡ ያስገኘበት ቀን ነው፡፡ ከዚያው ከተማ ወደብ ማዶ ጎስፖርት የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች፡፡ በጀልባ የደቂቃዎች መንገድ ብትሆን ነው፡፡ እዚያ የሚሰራው ቡድን ግን ሌላ ዓይነት ነው፡፡ መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ አባት አሉ፡፡ ከሳምንታት ልምምድ በኋላ በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይወጣሉ፡፡ አዘጋጆቹ እንደሚሉት ከተሳታፊዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት በሸራ ጀልባ ተጉዘው አያውቁም፡፡ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው አንድ ወር ሰልጥኖ ፕሪሚየር ሊግ ገባ እንደማለት ነው!

ውድድሩ ክሊፐር ይባላል፡፡ የጠነሰሱት ሰር ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ሲሆኑ፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1969 ብቻቸውን፣ የትም ወደብ ሳይቆሙ፣ ዓለምን በሸራ በመዞር የመጀመሪያው ሰው ናቸው፡፡ 312 ቀን ፈጅቶባቸዋል፡፡ አብረዋቸው ከተፎካከሩት ስምንት ሰዎች አንዱም አልጨረሰም፡፡ የተሸለሙትን 5 ሺህ ፓውንድም ባህር ላይ ለቀረ ተፎካካሪያቸው ቤተሰብ ሰጥተዋል፡፡ ክሊፐር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፡፡ ዙሩ 40 ሺህ የባህር ማይል ገደማ ሲሆን አስራ አንድ ወር ያህል ይፈጃል፡፡ ሙሉውን ያልቻለ አንዱን ምዕራፍ ብቻ መርጦ ይገባል፡፡ ታዲያ እዚህ ተጫዋቹ ነው ለክለቡ የሚከፍለው! ሙሉውን ዙር የሚፈልግ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ያወጣል፡፡

ስልጠናው አራት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፡፡ የመጀመሪያው ትምህርት ገመድ ነው፡፡ ሸራውን የሚስበው ገመድ ዊንች ላይ ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ይጠመጠማል፣ ጣት ከዊንቹ ይርቃል፡፡ 70 ጫማ ርዝመት ያለው ጀልባ ነፋስ ሲሞላው ገመዱ የሚሸከመው ኃይል ቀላል አይደለም፣ ጣት ካገኘ አይምርም፡፡ ቀጥሎ ቋጠሮ ነው፡፡ ቦውላይን የሚባለው ቋጠሮ ሲወጠር አይንሸራተትም፣ ሲፈለግ ደግሞ በቀላሉ ይፈታል፡፡ ጀማሪው በጨለማ፣ በረጠበ እጅ እስኪያስረው ድረስ ይደጋግመዋል፡፡

ከዚያ ነፋሱ ይመጣል፡፡ የሸራ ጀልባ ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መሄድ አይችልም፡፡ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየታጠፈ፣ ዚግዛግ እየሰራ ነው የሚወጣው፡፡ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንዱ ገመድ ይለቀቃል፣ ሌላው ይሳባል፣ ሸራው ወደ ማዶ ይሻገራል፡፡ አንድ ሰው ከዘገየ ጀልባው አፍንጫውን ነፋስ ላይ ቀስሮ ይቆማል፡፡ ሁሉም የራሱ ቦታ አለው፡፡ ጀልባው አፍንጫ ላይ የሚቆመው አጥቂው ነው፣ ማዕበሉን መጀመሪያ የሚጠጣው እሱ፡፡ ምሰሶው ስር ገመድ የሚያቀብሉት አማካዮች ናቸው፡፡ ከኋላ መሪ የጨበጠው ጨዋታውን ያነባል፡፡ የጀማሪ ትልቁ ችግር ስንፍና አይደለም፡፡ የሰው ቦታ ላይ ሮጦ መግባት ነው፡፡ የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፡፡

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነገሩ ይከብዳል፡፡ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ሌሊት በአራት ሰዓት ፈረቃ ይሰራል፡፡ አንዱ ከአልጋው ሲነሳ ሌላው እዚያው ላይ ይጋደማል፡፡ ወለሉ ያዘመመ ነው፤ መብላትም፣ መልበስም፣ ሽንት ቤት መግባትም እንደ ግድግዳ ላይ ነው፡፡ ማቅለሽለሹ ልምድ ያለውንም አይተውም፡፡ በየተራ ሁለት ሰዎች ለጀልባው ሁሉ ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፤ ዋጋቸው አንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ነው፡፡ ይህች ተራ በጉጉት ነው የምትጠበቀው፡፡

ሦስተኛው ፊኛ የሚመስለውን ትልቅ ሸራ መዘርጋትና መሽቀዳደም፣ አራተኛው ከራስ ካፒቴንና ቡድን ጋር መሰለፍ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ግን ከአንዲት መንጠቆ አይበልጥም፡፡ እያንዳንዱ ሰው ወገቡና ትከሻው ላይ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ከቀበቶው የሚወጣው ማሰሪያ ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ፣ መንጠቆው ጀልባው ላይ ይቆለፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ውድድር ከአንድ ጀልባ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፡፡ አንዱን ፖርቱጋል አቅራቢያ የትልቁ ሸራ ገመድ መታው፡፡ ሌላዋን ሚያዝያ 2016 ላይ ፓሲፊክ ውስጥ ማዕበል ወሰዳት፤ መንጠቆዋ አልተቆለፈም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡባዊው ውቅያኖስ የሞተው ሰው ደግሞ ቆልፎ ነበር፡፡ የብሪታኒያ የባህር አደጋ መርማሪዎች እንደደረሱበት መንጠቆው ጀልባው ላይ ባለ ብረት ስር ተቀርቅሮ፣ ተጣሞ ለቀቀው፡፡ ዓለምን የሚዞር ሰው በብረት ቁራጭ መንጠልጠሉ ይገርማል፡፡

ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ሰው ወደቀ ተብሎ የሚለማመዱት፡፡ አሻንጉሊት ውሃ ውስጥ ይጣላል፣ ጀልባው ይቆማል፣ ይዞራል፡፡ አንድ ሰው ጣቱን ወደ ወደቀው ቀስሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆማል፡፡ ሌላ ሥራ የለውም፡፡ ገመድ ቢጠሩትም አይሄድም፡፡ ማዕበል መሃል የሰው ጭንቅላት አንዴ ከዓይን ከጠፋ ማግኘቱ ከባድ ነውና፡፡ መጋቢት 2014 (እ.ኤ.አ.) ፓሲፊክ ውስጥ ሸራ ሲቀይር የወደቀ አንድ ተወዳዳሪ ከዓይን ጠፍቶ ነበር፡፡ ልብሱ ላይ የነበረው ምልክት አስተላላፊ ቦታውን አሳያቸውና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በቀዝቃዛ ውሃ ከቆየ በኋላ በሕይወት አወጡት፡፡ ያወጡት ከወራት በፊት ገመድ መጠምጠም ይማሩ የነበሩ ሰዎችም ናቸው፡፡

ለረጅም ዓመታት በእያንዳንዱ ጀልባ የነበረው ባለሙያ ካፒቴኑ ብቻ ነበር፡፡ እሱ ቢወድቅስ? ከሞቶቹ በኋላ ነው ሁለተኛ ባለሙያ አብሮት እንዲሳፈር የተደረገው፡፡