ጠመንጃ እንደ በሬ አይሸጥም
በወሎ፣ መካነ ሰላም ገበያ በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን ለገዥው ካስጨበጠ ነገሩ አለቀ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተራ ተንቀሳቃሽ ንብረት በርክክብ እንዲተላለፍ ፈቅዷል። ጠመንጃ ግን የሚያዘው በፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃዱ የሚሰጠው በሰው ስም ስለሆነ መሣሪያው እጅ ሲቀይር አብሮ አይሄድም። «ሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል» ይባላል። ምስክሮቹ ብሩ መከፈሉን ያረጋግጡ ይሆናል፤ ጉዳዩ ሕገወጥ የሆነ ውል ግን አይጸናም። እንዲያውም ሻጩ በወንጀል ቢከሰስ ያቺው ወረቀት ማስረጃ ትሆንበታለች። «የአባቴ ምንሽር ነው» የሚለው ክርክር ይከብዳል፤ በወሎ ደጋ ጠመንጃ ክብርም ነውና። ቢሆንም ውርስ ፈቃድን አይተካም። የጠመንጃውን ተጓዳኝ ዕቃ ለይቶ መሸጥስ? ማንገቻውና ዝናሩ ቆዳ ናቸው፤ ዝናሩ ውስጥ የቀረችው ጥይት ግን በዚያው አዋጅ ሥር ትወድቃለች።