በዋልካ መሬት መኪና ብቻውን አይላክ

ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ጎማ ይውጣል። እንደ በቾ ባሉ የዋልካ ሜዳዎች ጤፍ በአብዛኛው የሚዘራው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን መንገዱ የሚበላሸው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። ማዳበሪያ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቢቀር የሚያልፈው የገበሬው የዘር ወቅት ነው።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጉዞውን በጋራ ሊያቅዱት ይገባል። በቅድሚያ ከባዱ ጭነት ከሰኔ በፊት ቢጓጓዝ ይመረጣል። ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን መኪናዎቹ ከሁለት ማነስ የለባቸውም፤ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው ይጎትተዋልና። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ከፊት ይመራል።

ከመነሳት በፊት ፍሬኑ፣ ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውሃና ትርፍ ጎማው መታየት አለባቸው። አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ክሪክ፣ እንዲሁም ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ ይያዛል። በለስላሳ መሬት የጎማው ንፋስ በመጠኑ ሲቀነስ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል፤ ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደረስ ግን ተመልሶ ይሞላል። መኪና ሲጎተት ማንም ሰው ገመዱ አጠገብ እንዳይቆም ማድረግ ያስፈልጋል፤ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

ወንዝ ሞልቶ ከተገኘ እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው። ይህንን ውሳኔ ለሾፌሩ ብቻ ከመተው ይልቅ ማኅበሩ ከጉዞው በፊት በስብሰባ ሊወስነው ይገባል።