ለሰከንዶች የተሠራ ባትሪ

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ በመላው ደቡብ አውስትራሊያ መብራት ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዕለቱ አውሎ ነፋስ ከ20 በላይ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ማማዎችን ገነደሰ። መስመሮቹ ሲቆራረጡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። በዚህ የተነሳ ዘጠኝ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ምርታቸውን ቀነሱ፤ ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜም 456 ሜጋ ዋት ጎደለ። ጉድለቱ በሙሉ ከጎረቤት ግዛት ከቪክቶሪያ በሚመጣው መስመር ላይ ወደቀ። መስመሩ አልቻለም፤ ተቋረጠ። 850,000 ደንበኞች ያለ ኤሌክትሪክ ቀሩ።

ክርክሩ የተነሳው መብራቱ ሳይመለስ ነው። ግዛቷ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዋን፣ በፖርት ኦገስታ የነበረውን፣ የዘጋችው በዚያው ዓመት በሜይ ወር ስለነበር ብዙዎች ጣታቸውን በነፋስ ኃይል ላይ ቀሰሩ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ገበያ ኦፕሬተር ያካሄደው ምርመራ ግን ነገሩን በዝርዝር አስረዳ። ተርባይኖቹ ቮልቴጅ በተደጋጋሚ ሲወርድ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ ምርት እንዲቀንሱ ተደርገው የተስተካከሉ ነበሩ፤ ኦፕሬተሩም ይህን አያውቅም ነበር። ያ ቅንብር ከአደጋው በኋላ ተለወጠ። የቀረው ትልቅ ጥያቄ ነው፦ የከሰል ማመንጫዎቹ ከባድ ማሽኖች ከሄዱ ወዲህ፣ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የኤሌክትሪክ መረቡን ማን ደግፎ ያቆማል?

መልሱ ከዓመት በኋላ በሆርንስዴል ቆመ። ከአደሌድ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጄምስታውን ከተማ አቅራቢያ፣ በሆርንስዴል የነፋስ ማመንጫ ጎን፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ የሊቲየም አዮን ባትሪ ተተከለ። የቴስላው ኢሎን መስክ በማርች 2017 ለአውስትራሊያዊው ባለሀብት ለማይክ ካነን ብሩክስ በትዊተር ሲመልስ ውሉ ከተፈረመ በ100 ቀን ውስጥ ሥራውን እንደሚጨርስ፣ ካልጨረሰም በነፃ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ መቆጠር የጀመረው በሴፕቴምበር 29 ነው፤ በዚያን ጊዜ ተከላው አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ባትሪው ዲሴምበር 1 ቀን 2017 በይፋ ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ኒዮኤን የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው።

በቦታው የሚታየው ከሰው ቁመት የሚበልጡ ነጫጭ የብረት ሳጥኖች ሰልፍ ነው። በየሳጥኑ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የባትሪ ሴሎች፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና ኮምፒውተር አሉ። ሴሎቹ የሚያስቀምጡት ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ መረቡ ደግሞ የሚሠራው በተለዋዋጭ ፍሰት ነው። ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጣል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቴጁን ወደ ማስተላለፊያው መስመር ከፍ ያደርገዋል። በሥራ ላይ እያለ የሚሽከረከር ተርባይን የለውም፤ የሚቃጠል ነዳጅም የለውም። ባትሪ ራሱ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሌላው ያመነጨውን ይቀበላል፣ ያቆያል፣ በተፈለገበት ቅጽበት ይመልሳል።

ስለ እንዲህ ያለ ባትሪ ሲነገር ሁለት ቁጥሮች አብረው መነሳት አለባቸው። የመጀመሪያው ሜጋ ዋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው ሜጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ያንን ኃይል ለምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደሚችል ያሳያል። ሆርንስዴል ሲከፈት 100 ሜጋ ዋትና 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበረው። በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ትንሽ አልፎ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ግዛቷን በሙሉ ብቻውን እንዲመግብ ቢጠየቅ ክምችቱ ለአሥር ደቂቃም አይበቃም። ይህን ይዘው ባትሪውን ያናናቁት ጥቂት አልነበሩም። ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ ባትሪው ግን የተተከለው ለሌላ ሥራ ነበር።

ሥራው የሚገባን ፍሪኩዌንሲ የሚባለውን ነገር ስንረዳ ነው። የአውስትራሊያ መረብ፣ እንደ ኢትዮጵያው ሁሉ፣ የሚሠራው በ50 ኸርዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዑደት ይሠራል። የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል እኩል እስከሆኑ ድረስ ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲቆም ቁጥሩ ይወርዳል፤ አንድ ትልቅ ፋብሪካ በድንገት ሲዘጋ ይወጣል። ከልኩ ከራቀ ማሽኖች እንዳይጎዱ ራሳቸውን ከመረቡ ይነጥላሉ፤ አንዱ ሲነጠል ሌላው ይጫንበታል፣ እሱም ይነጠላል። በ2016 ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከተቋረጠ በኋላ የታየው ይህ ነው። የድሮዎቹ ማመንጫዎች አንድ በጎ ጠባይ ነበራቸው። የውሃ ወፍጮ ድንጋይ ውሃው ቢዘጋበትም ወዲያው ቀጥ እንደማይል፣ በብዙ ቶን የሚመዝነው የተርባይናቸው ክብደትም በሽክርክሪቱ ይቀጥልና ሌሎች ማሽኖች እስኪደርሱ ጊዜ ይሰጣል። የፀሐይ ሰሌዳ ይህ የለውም።

ባትሪው ይህን ክፍተት የሚሞላው በፍጥነት ነው። የከሰል ማመንጫ ኃይሉን ከፍ ለማድረግ እንፋሎት ማብዛት አለበት። ኢንቨርተር ግን ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ አይቶ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኃይል መልቀቅ ይጀምራል። ሆርንስዴል ሥራ በጀመረ በሁለት ሳምንቱ፣ በዲሴምበር 14 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በቪክቶሪያ የሎይ ያንግ የከሰል ማመንጫ አንድ ክፍል በድንገት ቆመና 560 ሜጋ ዋት ጠፋ። ፍሪኩዌንሲው ወደ 49.80 ኸርዝ ወረደ። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ በውል የተመደበው በኩዊንስላንድ የሚገኘው የግላድስቶን የከሰል ማመንጫ ሥራውን ሳይጀምር፣ ከአደጋው ቦታ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ባትሪ 7 ሜጋ ዋት ያህል ወደ መረቡ ልኮ ነበር። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የኢንጂነሮችን ዓይን የሳበው ፍጥነቱ ነው።

የበለጠው ፈተና የመጣው ኦገስት 25 ቀን 2018 ነው። መብረቅ ኩዊንስላንድን ከተቀረው መረብ ሲለያይ፣ ብዙም ሳይቆይ ደቡብ አውስትራሊያም ተነጠለች። ባትሪው በመጀመሪያ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ኃይል ሰጠ። ግዛቷ ስትነጠል ደግሞ ወደ ውጭ ትልከው የነበረው ኃይል ትርፍ ሆኖ ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ሲያደርገው፣ ያው ባትሪ ተገልብጦ ትርፉን መሳብ ጀመረ። በዚያ ቀን በቪክቶሪያና በኒው ሳውዝ ዌልስ የተወሰኑ ደንበኞች ኃይል ተቋረጠባቸው፤ በደቡብ አውስትራሊያ ግን አልተቋረጠም።

የአቅሙ ክፍፍልም ዓላማውን ይናገራል። ከ100 ሜጋ ዋቱ 70ው ለመንግሥት፣ መረቡን ለማረጋጋት ተመደበ፤ ለዚህ የተያዘው ክምችት ግን 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ብቻ ነበር። ኩባንያው በቀሪው 30 ሜጋ ዋትና በ119 ሜጋ ዋት ሰዓት ክምችት ይነግዳል፦ ነፋስ በዝቶ ዋጋ ሲወርድ ይገዛል፣ ሲወደድ ይሸጣል። ለማረጋጋቱ ብዙ ጉልበትና ጥቂት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለንግዱ ጥቂት ጉልበትና ብዙ ጊዜ። በ2020 ባትሪው ወደ 150 ሜጋ ዋት አደገ። በ2022 ደግሞ ኢንቨርተሮቹ የከባድ ተርባይንን ሽክርክሪት በሶፍትዌር አስመስለው ለመረቡ እንዲያቀርቡ ተፈቀደ።

የባትሪ ነገር ያለ ጥንቃቄ አይሄድም። በኦክቶበር 2019 በኩዊንስላንድ አንድ የከሰል ማመንጫ ሲቆም ሆርንስዴል ተከፍሎት ለተጠባባቂነት ያቀረበውን ያህል ኃይል ሳይሰጥ ቀረ፤ ፍርድ ቤትም በ2022 የ900,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጣለ። መረብ የሚጠበቀው በውል ላይ በተጻፈ ቁጥር ሳይሆን በእርግጥ ዝግጁ በሆነ ኃይል ስለሆነ ቅጣቱ ተገቢ ነበር። የእሳት አደጋም አለ። በጁላይ 2021 በቪክቶሪያ በጂሎንግ አቅራቢያ በሙከራ ላይ የነበረ ባትሪ ተቃጠለ፤ የሞተም የተጎዳም አልነበረም። በጃንዋሪ 2025 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ የተነሳው እሳት ግን ከ1,000 በላይ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አስወጣ። ሳጥኖችን አራርቆ ከቤት ውጭ መትከል፣ ለመቃጠል የማይቸኩል የሴል ዓይነት መምረጥ፣ ሙቀትን ዘወትር መከታተል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው ውሃ ነው። የግድቦቻችን ሐይቆች ክምችት ናቸው፤ ከባድ ተርባይኖቻቸውም ፍሪኩዌንሲውን ይይዛሉ። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋው ወራት መሆኑም ከአዳማና ከአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች የሚገኘው ኃይል የግድቡን ውሃ ለመቆጠብ እንዲረዳ ያደርጋል። ደቡብ አውስትራሊያ እንዲህ ያለ ወንዝ ስለሌላት በባትሪ ተካችው። ሁለቱም አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ታዳሽ ኃይል የሚጸናው ማመንጫው ላይ የሚያቆይና የሚያረጋጋ ሲጨመርበት ነው።

ዛሬ ደቡብ አውስትራሊያ በዓመት ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከነፋስና ከፀሐይ ይመጣል። በ2027 ደግሞ በዓመታዊ ስሌት ፍላጎቷን በሙሉ ከታዳሽ ኃይል ለመሸፈን አቅዳለች። ለረጅም ሌሊትና ነፋስ ለሌለበት ሳምንት ከባትሪ ሌላ ነገር፣ ውሃም ረጅም መስመርም፣ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ስለ አዲስ ባትሪ የሚያነብብ ሰው መጠየቅ ያለበት «ስንት ከተማ ያበራል?» ብሎ አይደለም። መረቡ የጎደለው ሰከንድ ነው ወይስ ሰዓት? ባትሪው የተሠራውስ ለየትኛው ነው? ሆርንስዴል የተሳካለት ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ስለተመለሰለት ነው።