ወንፈል ውለታ አይደለም

«የገጠር ሰው ሳይቆጥር ይሰጣል፤ ሒሳብ የከተማ ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የጤፍ አረም ነቅለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን፣ በአነደድም ሆነ በማቻከል፣ የገበሬው ሰጥቶ መቀበል ሒሳቡ ጥብቅ ነው።

ወንፈልን እንውሰድ። አምስት ጎረቤታሞች ይነጋገሩና ዛሬ ያንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርማሉ፤ ዙሩ እስኪሞላ ማንም አይቀርም። ቀን በቀን ይመለሳል፣ አዋቂም በአዋቂ። የታመመ ሰው ወንድሙን ወይም ልጁን ይልካል፤ ጉልበቱ ያልጠና ሕፃን ከላከ ግን ይታማል። ወረቀት የለም፣ ግን የማን ቀን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ቀን ቆርጦ የበላ ሰው በሚመጣው ክረምት አብሮት የሚገባ ያጣል። ሒሳቡ እንዲህ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤፍ በአረም በሚዋጥበት በነሐሴና በመስከረም ሥራ የሚፈቀድባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ሰንበት ሳይቆጠር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ። የቀረችው ቀን ታዲያ ከብር በላይ ትከብዳለች።

ደቦና ወንፈል አንድ ናቸው የሚለውም ስሕተት ነው። ደቦ የሚጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የመጣው ሰው ደግሞ ቀኑን ቆጥሮ አይጠይቅም። ቤት ሲሠራ፣ አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ስለ ደቦ ብዙ ሲነገር የሚረሳው ነገር ግን ጠላ የሚጠምቅበት እህል የሌለው ሰው ደቦ ለመጥራት መቸገሩ ነው። ለድኻው የሚስማማው ወንፈል ነው፤ ከጉልበቱ ሌላ አይጠየቅም። ለታመመና ለአቅመ ደካማ ሰፈሩ ራሱ ተጠራርቶ የሚገባበት ጊዜም አለ፣ እሱ ግን በጎ ሥራ ነው፣ ከሁለቱም አይመደብም።

አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች መቀናጆ ይገባሉ፤ ጥማዱን ተራ በተራ ያርሱበታል። ተራው ቀላል ይመስላል፣ የዘር ጊዜ ዝናቡ በአንደኛው ቀን ቀድሞ እስኪዘንብ ድረስ።

«እኩል ማረስ ግማሽ በግማሽ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በሬ የሌላት ባልቴት መሬቷን ለሌላ ሰጥታ ምርቱን ስትካፈል ዋናው ክርክር ያለው ከክፍፍሉ በፊት ነው። ዘሩን ማን አወጣ? ማዳበሪያውንስ? ጭዱ ለማን ነው? ማዳበሪያ ከተወደደ ወዲህ ድርድሩ ሁሉ እዚህ ላይ ሆኗል።

ሽማግሌስ ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ ያስታርቃል? ድንበር ተገፋ ተብሎ ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ይወጣል። ገፊው ከታወቀ የገፋውን ፈር በሙሉ ይመልሳል፤ ሽማግሌው ለሁለት አይከፍለውም። ተበዳዩ እንዲተው የሚለመነው ካሳውን ነው። ሽምግልና በሕግ ፊት አይቆጠርም የሚሉም አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 3307 ተዋዋዮች አንዱ ለሌላው ከመብቱ እየለቀቀ ክርክርን የሚጨርሱበትን ስምምነት ያውቃል፤ በአንቀጽ 3312 ደግሞ ስምምነቱ በእነሱ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል።

በተቃራኒው ደም ከታረቀ ክስ ይቀራል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። አይቀርም። ነፍስ ግድያን ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የተቻለውን ያህል መካስን እንደ ቅጣት ማቅለያ ያያል፣ ከዚያ አያልፍም። እርቁ የሚያድነው ሌላ ሰው ነው፦ በገዳዩ ፈንታ በመንገድ የሚጠበቀውን ወንድሙንና የአጎቱን ልጅ።