ከጾሬ የመጣችው እስስትና የአዲስ አበባ ብርድ

«ፍቅረኛዬ ያመጣልኝን ስጦታ ገደልኩት መሰለኝ!» ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ እንባ እየተናነቃት የነገረችኝ ነው። ስጦታው ምን ይመስላችኋል? ሽቶ? ሐብል? አይደለም፤ እስስት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍቅረኛዋ የሚሠራው አሶሳ አቅራቢያ፣ ጾሬ ነው። በኅዳር ለእረፍት ሲመጣ እስስት በካርቶን ይዞላት መጣ። እሷዬም ደስ ብሏት ግቢያቸው ካለው ጽጌረዳ ላይ አስቀመጠቻት። እንዳትጠፋባት ወገቧን በክር አሰረቻት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብትወጣ እስስቷ ጠቁራ፣ ደርቃ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

እናትየው «ድሮም ይሄን መርዛም ነገር አውጪልኝ ብያለሁ፤ በይ ጣዪው!» አሉ። ልጁም በስልክ ሲሰማ «አደራ በላሽ!» ብሎ አኮረፈ።

«ቆይ እስቲ» አልኳት። ክሩን ፈትተን ፀሐይ የሚያገኘው ቅርንጫፍ ላይ አኖርናት። አራት ሰዓት ላይ አንድ ዓይኗ ተከፈተ። ቆየት ብላ መራመድ ጀመረች። ለካ በርዷት ኖሯል እንጂ አልሞተችም!

እስስት፣ እንሽላሊትና አርጃኖ እንደኛ ሙቀት ከውስጣቸው አያመነጩም። ከፀሐይና ፀሐይ ካሞቀው ድንጋይ ነው የሚያገኙት። ሲበርዳቸው ጡንቻቸው አይታዘዝም፤ የበሉትም አይፈጭላቸውም። ብርድ ልብስ ቢደረብላቸው እንኳ ዋጋ የለውም። ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም።

መጥቆሯስ? «እንደ እስስት ተለዋወጠ» እያልን ከዳተኛውን እንሰድብባታለን። እሷ ግን በብርድ ጠዋት የምትጠቁረው ጥቁር ቀለም የፀሐይን ሙቀት ቶሎ ስለሚስብላት ነው። መርዝም የላትም።

ብርድ ሲባል ብዙዎቻችን ሐምሌን እናስባለን። ሌሊቱ የሚከፋው ግን ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ያኔ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የደጋው እስስት ተወልዶበታልና ይችለዋል። የሞቃቱ አገር እስስት ግን ከየት ያምጣው?

ታዲያ እጃችሁ የገባች ካለች ምን ይበጃል? ማታ ውጭ አትደር። አየር በሚገባው ካርቶን ውስጥ ቅርንጫፍ አድርጋችሁ ቤት አስገቧት። ብርዱ ከጠና ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከካርቶኑ ጥግ አኑሩ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ግን ተዉላት። ከሰል አጠገቧ አታድርጉ፤ ጭሱ እናንተንም ይጎዳል! ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አውጧት፣ ጥላም አይጥፋ። ሳትሞቅ አትመግቧት። ውሃ በሳህን ብታቀርቡላት አታየውም፤ ቅጠሉ ላይ ርጩላት፣ ጠብታውን ትልሳለች። በክር ማሰር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን ትልቁ መፍትሔ ከመጀመሪያው አለማምጣት ነው። የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ «ነፃ አወጣኋት» ብሎ መልቀቅም ደግነት አይደለም፤ ብርዱ ይጨርሳታል።

የኛይቱ ልጅ ይህን ስትሰማ ለፍቅረኛዋ ደወለች። «አደራህን አልበላሁም፤ ና ውሰዳት» አለችው። መጀመሪያ ቅር አለው፤ ኋላ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። እረፍቱን ሲጨርስ እስስቷን ካነሣበት ቁጥቋጦ ሊመልሳት ይዟት ተሳፈረ።

ለሚቀጥለው ጉዞስ? ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶታል። የአሶሳ ማንጎ ይበቃል!