ልጅ ከቤቱ ምን ይዞ ይወጣል?

አንድ ቀን ማታ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ገና ከደጃፍ ስንደርስ የቤቱ ልጅ ብድግ አለ። ዕድሜው ቢበዛ ስምንት ዓመት ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። በርጩማውን ለቀቀልን። ለቡና ቁርስ ዳቦ ስለ ቀረበ ውሃ አምጥቶ እጃችንን አስታጠበን። «እደግ! ተመንደግ!» ብለን መረቅነው። ሲራመድ ጥቂት ያነክስ ነበር። እኛ ግን ልብ አላልነውም።

ይህን ጨዋነት ለልጁ ማን አስተማረው? እናትና አባቱ ናቸው። እናቱ ለእንግዳ ስትነሣ አየ፤ እሱም ተነሣ። አባቱ ሽማግሌ ሲያከብር አየ፤ እሱም አከበረ። ጎረቤት ለቡና እንዲጠራ ሲላክ መልእክት ማድረስን ተማረ። ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ማዳመጥንና ተራ መጠበቅን ለመደ። መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይሉታል። ሳይቆጣ መሸነፍንም በዚሁ ተማረ።

ዳሩ ግን ልጅ የሚማረው መልካሙን ብቻ አይደለም። ያየውን ሁሉ ይማራል። ሰው ሲጣራ «የለም በለው» ብለን የላክነው ልጅ ውሸት ይማራል። እኛ ስንሰዳደብ የሰማ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ይሳደባል።

ይህን በሙከራ ያሳዩ ሊቅ ነበሩ። አልበርት ባንዱራ ይባሉ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በ72 ሕፃናት ላይ ሙከራ አደረጉ። ከፊሎቹ ልጆች አንድ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ እንዲያዩ ተደረገ። ሌሎቹ በጸጥታ የሚጫወት ሰው አዩ። የቀሩት ምንም አላዩም። በኋላ ልጆቹ በተራቸው አሻንጉሊቱን አገኙ። ድብደባ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ መቱት። የሰሙትንም ክፉ ቃል ደገሙ። «ምቱ» ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። ማየት ብቻ በቃቸው።

ዝምታስ? ዝምታንም ልጅ ከቤቱ ይማራል። ወደዚያ ቡና እንመለስ።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ልጁ «እማዬ፣ እግሬን...» ብሎ ጀመረ። አባት «ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ አይናገርም» አለው። እኛም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን ሳቅን። ልጁ አቀረቀረ።

በረካው ሲያልቅ አያቱ ጠሩት። ሱሪውን ከፍ አድርገው ሲያዩ ባቱ ላይ የጥርስ ቁስል አለ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

«ውሻ ነከሰኝ። ትናንት ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?»

«አባባ ይመቱኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ውሻው ባለቤት የሌለው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቶሎ ከታወቀ ግን መከላከል ይቻላል። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። እንዲሁ ተደረገ። ልጁም በጤና አለ።

አያቱ ባያዩትስ ኖሮ? ያን ማታ ልጁ ሊነግረን ሞክሮ ነበር። ዝም ያሰኘነው እኛው ነን። የሳቅነውም እኛው ነን።

ወላጆች ሆይ! ጨዋነት ይቅር አንልም። ልጅ ለታላቁ ይነሣ፤ እንግዳም ያስታጥብ። ነገር ግን አክብሮትና ፍርሃት አንድ አይደሉም። የሚያከብር ልጅ ችግሩን ይነግረናል፤ የሚፈራ ልጅ ይደብቀናል። በቤቱ ያልተናገረ ልጅ ትምህርት ቤትም ያልገባውን አይጠይቅም። ክፉ ሰው ቢነካውም አይናገርም። ሴት ልጅ ደግሞ ከወንዱ ይበልጥ ዝም በይ ስለምትባል ጉዳቱ በእሷ ይብሳል።

ስለዚህ ልጅ «እማዬ» ሲል «ወዬ፣ ምን ልትል ነው?» እንበለው። ተራ እንስጠው። እውነት ስለ ተናገረ አንምታው። ስንሳሳትም «ይቅርታ ልጄ» እንበል። ይቅርታ መጠየቅን የሚማረው ከእኛ ሰምቶ ነው።

የዚያ ልጅ አባት በማግስቱ እንዲሁ አደረገ። ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ «ይቅር በለኝ፤ ከእንግዲህ ንገረኝ» አለው።

እንወያይ

1. ልጃችን ትናንት ምን ነገረን? አዳመጥነው?
2. ልጃችን ከእኛ አይቶ የተማረው መልካም ነገር ምንድን ነው? መጥፎውስ?
3. ልጃችን ቢጎዳ መጀመሪያ ለማን ይናገራል?