የስክሪኑ ጥቁርና የወረቀቱ ጥቁር

የሟች አባትን ጉርድ ፎቶ ከአሮጌ መታወቂያ ላይ ስካን አድርጎ ማተለቅ በፎንቆም በሆሳዕናም ከተማ የተለመደ ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ የዓይኑ ቆብ፣ የጺሙ ዳር፣ የኮቱ ኮሌታ ለየብቻ ይታያል። ታትሞ ሲወጣ ግን ፊቱ ጠቁሮ ከኮቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከበስተጀርባ ያለው ግራጫም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ፕሪንተሩ ይታማል። ስህተቱ ግን የጀመረው ስክሪኑ ላይ ነው።

ስክሪን ራሱ ያበራል። ወረቀት የሚመልሰው የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው። በተራ የኮምፒውተር ስክሪን ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ገደማ ይደምቃል፤ በጥሩ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ ልዩነቱ ወደ 200፣ በማት (በማያንጸባርቅ) ወረቀት ላይ ወደ 40 እጥፍ ይወርዳል። ያ ሁሉ እርከን በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ሲታጨቅ አስቀድሞ የሚደፈነው ጥቁሩ ጫፍ ነው። የእኛ ሰው ፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነው፤ ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከተነሳማ ይብሳል። ስለዚህ ለነጣ ፊት ተሞክሮ ጥሩ ነው የተባለ አሠራር ለእኛ አይበቃም።

የቀለም ፕሮፋይል የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፋይል ማለት አንድ ፕሪንተር በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ ዓይነት ወረቀት ምን ሊያወጣ እንደሚችል የሚናገር ፋይል ነው። ብዙ ትንንሽ የቀለም ናሙናዎች ይታተማሉ፣ በመሣሪያ ይለካሉ፣ ውጤቱ ይመዘገባል። የጋራ ደንቡን ለማውጣት 8 ኩባንያዎች አይሲሲ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ወረቀቱ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ ያ ፋይል ሌላ ፕሪንተርን እንደሚገልጽ ያህል ነው፤ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ወረቀት የሚሠራ ፎቶ ቤት ይህን ልብ ይበል።

ጥቁርና ነጭ ከባለ ቀለሙ ይቀላል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። እንደ ኤፕሰን ኤል805 ያለ ባለ 6 ቀለም ፕሪንተር ያለው ጥቁር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በፎቶ ወረቀት ላይ ግራጫን በአብዛኛው የሚሠራው ሌሎቹን ቀለሞች ቀላቅሎ ነው። በቀይ ጋቢ ላይ የማይታወቅ ትንሽ መዛባት በግራጫ ላይ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ቅልቅሉ በመስኮት ብርሃን ትክክል መስሎ በአምፖል ሥር ሊቀላም ይችላል። በርካታ ጥቁርና ግራጫ ቀለም የሚይዙት ውድ ፕሪንተሮች ለጥቁርና ነጭ የተለየ የራሳቸው አሠራር ያላቸው ለዚህ ነው።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው መነሻው የስክሪኑ ድምቀት ነው። ባዶ የፎቶ ወረቀት በጥሩ ብርሃን ከስክሪኑ አጠገብ ይያዝ፤ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ እስኪቀራረብ ድረስ ድምቀቱ ይቀነስ። ከዚያ ፎቶሾፕ ላይ የፕሪንተሩና የወረቀቱ ፕሮፋይል ተመርጦ፣ የወረቀቱን ነጭ አስመስሎ የሚያሳየው ምርጫ ይከፈት። ምስሉ ደብዘዝ ይላል። ደስ አይልም፤ እውነቱ ግን ያ ነው፤ የፊቱም ጥቁር ክፍል ከርቭ በተባለው የድምቀት ማስተካከያ ከፍ መደረግ ያለበት ያንን እያዩ ነው። ፎቶሾፕ ቀለሙን ሲቆጣጠር የፕሪንተሩ የራሱ ማስተካከያ ይዘጋ፤ ሁለቱም ከሠሩ ምስሉ ሁለት ጊዜ ይታረማል።

ፎቶ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ትልቁን ከማተማችሁ በፊት ፊቱን ብቻ በትንሽ ቁራጭ አትሙ፤ ደጅ አውጥታችሁም በቀን ብርሃን እዩት። ለቤተሰቡ ከአባታቸው የቀረው ምስል ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።